የአንድ ሰዓት መምህራን

በየዓመቱ በሐምሌ ማለቂያ ገደማ በዋሽንግተን ዲሲ ሾው በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ዋልተር ኢ. ዋሽንግተን የስብሰባ ማዕከል በወጣቶች ይጥለቀለቃል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት የ9ኛው ጎዳና ክፍል እዚያ ድረስ በእግር የሚኬድ ነው። ከሚጎርፈው ሰው መካከል አረንጓዴ ዊግ ያጠለቀ አለ፤ ከፎም የተሠራ ጎራዴ የታጠቀ አለ፤ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ክንፍ ለብሶ በር ለማለፍ ጎኑን የሚያዞርም አይጠፋም። ጉባኤው ኦታኮን ይባላል። በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን የካርቱን ፊልሞች፣ ፍቅር የተያዙ ሰዎች ሦስት ቀን የሚሰባሰቡበት ነው።

ካሜራ የሚያነጣጥረው ልብሱ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚያውቀው በልብሱ ነው። በየስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ሰው ተቀምጦ ትምህርት ያዳምጣል። የሚያስተምረው ሰው በሥራ ቀን ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የኮሌጅ ተማሪ ነው። ማስተማር እንዲችል የሾመው የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝም የለውም። «የአድናቂዎች ፓኔል» የሚባለው ይህ ነው።

በአኒሜ ጉባኤዎች ላይ ፓኔል በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የኩባንያዎች ነው፤ አከፋፋዩ ወይም ስቱዲዮው መጪ ሥራዎቹን ያስተዋውቅበታል። ሁለተኛው የክብር እንግዶች ነው፤ ከጃፓን የመጣ ዳይሬክተር ወይም የድምፅ ተዋናይ በአስተርጓሚ እየታገዘ ጥያቄ ይመልስበታል። ሦስተኛው የተመልካቹ የራሱ ነው። በዚህኛው ማይክ የሚጨብጥ ሰው ከአድማጩ የተለየ ማዕረግ የለውም። አድማጩ መግቢያ የከፈለው ለጉባኤው እንጂ ለእሱ አይደለም። በሩ ክፍት ነው፤ በዚያው ሰዓት በሌሎች አዳራሾች ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር አለ። በማኅሌት ቅኔ የሚዘርፍ ደብተራ ከሚሰሙት መካከል ከእሱ የሚልቅ ባለቅኔ ሊኖር እንደሚችል እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የፓኔል አቅራቢም ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ ያንን ፊልም ከእሱ አብልጦ ሊያውቀው እንደሚችል አይዘነጋም። የመደመጥ መብቱን የሚያገኘው በዚያችው አንድ ሰዓት ነው። የፓኔል ደንብም ወግም ከዚህ ይመነጫል።

ከካሴት ዘመን

ፓኔል ከአኒሜ ጉባኤ ይቀድማል። የሳይንስ ልብወለድ አንባቢዎች የመጀመሪያውን የዓለም ጉባኤያቸውን በኒው ዮርክ ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አንባቢና ደራሲ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚከራከሩበት ልማድ በእነዚያ ጉባኤዎች ዳበረ። የአሜሪካ የአኒሜ አፍቃሪዎችም ብዙዎቹ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ ስለነበሩ ልማዱን ይዘውት መጡ።

በ1977 ፍሬድ ፓተንና ጓደኞቹ በሎስ አንጀለስ ካርቱን ፋንታሲ ኦርጋናይዜሽን የተባለ ክበብ አቋቋሙ። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ወደ ሰው ቤት ገና መግባት የጀመረበት ወቅት ነበር። ጃፓንና አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የተባለውን አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ሥርዓት ይጠቀሙ ስለነበር ቶኪዮ ውስጥ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት ሎስ አንጀለስ ላይ ያለ ችግር ይጫወታል። በሌላ ሥርዓት የሚጠቀሙት የአውሮፓ አገሮች ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ይሁንና ምስሉ ቢታይም ንግግሩ በጃፓንኛ ነው፤ የግርጌ ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ለተሰበሰበው ይተርካል፤ ወይም የታሪኩ ማጠቃለያ በወረቀት ተባዝቶ ይታደላል። ያለ አስረጂ ፊልሙ ለብዙዎቹ ተመልካቾች ድንቅ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጉባኤዎቹ የተወለዱት ከእንዲህ ያሉ ክበቦች ነው። ፕሮጀክት ኤ-ኮን በ1990 በዳላስ፣ አኒሜ ኤክስፖ በ1992 በካሊፎርኒያ ጀመሩ። ኦታኮን በ1994 በፔንሲልቬንያ ስቴት ኮሌጅ ከተማ ሲከፈት የመጣው ሰው ጥቂት መቶ ነበር። ከ1999 እስከ 2016 ባልቲሞር ከቆየ በኋላ በ2017 ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ፤ በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ አልፏል። እስከዛሬም የሚያካሂደው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ሠራተኞቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በጃፓን በ1975 የተጀመረው ታላቁ የኮሚኬት ገበያ አድናቂዎች ራሳቸው ጽፈውና ሥለው ያሳተሙትን መጽሐፍ የሚሸጡበት ነው። እዚያ የጉባኤው እምብርት የመጽሐፍ ጠረጴዛው ነው፤ በአሜሪካ ግን ማይኩም የራሱን ሰፊ ቦታ አገኘ።

በ2009 ክራንቺሮል የተባለው ድርጅት አዳዲስ ክፍሎችን ጃፓን ውስጥ በታዩ በሰዓታት ልዩነት የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጨምሮ በኢንተርኔት ማሰራጨት ጀመረ። የግርጌ ጽሑፍ እንዲህ በየቤቱ ሲደርስ ታሪኩን የሚተርክ ሰው ጭራሽ አላስፈለገም። ፓኔሉ ግን አልሞተም። «ምን ሆነ?» ለሚለው መልሱ በየስልኩ ሲገኝ፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለው ለአዳራሹ ቀረ። የስቱዲዮዎች ታሪክ፣ የአሣሣል ስልት፣ ከፊልሙ ጀርባ ያለ የጃፓን ታሪክና ሃይማኖት፣ የልብስ ስፌትና የፎም ትጥቅ አሠራር፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ሁሉም የፓኔል ርዕስ ሆነ። ማይክ ቱል የተባለው አሜሪካዊ የአኒሜ ጸሐፊ፣ ለምሳሌ፣ ሰው የረሳቸውን ንግግራቸው በእንግሊዝኛ የተተካ አሮጌ ፊልሞች ከያሉበት ፈልጎ እያሳየ በሚያቀርበው ፓኔል በየጉባኤው ይታወቃል።

ርዕስ ማጥበብ

ጀማሪ አቅራቢን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የርዕስ ስፋት ነው። አንድ ሰው «የስፖርት አኒሜ» ብሎ ቢነሳ ሰዓቱ የሚያልቀው የፊልም ስም ሲዘረዝር ነው። ዝርዝሩን ደግሞ አድማጩ ቤቱ ተቀምጦ ያገኘዋል።

እስቲ አንዲት የዲሲ ኢትዮጵያዊት ወጣት ስለ ሩጫ አኒሜ ፓኔል ለማቅረብ አሰበች እንበል። «ራን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ትመርጣለች። ሚዩራ ሺዮን በ2006 ካሳተሙት ልብወለድ ተነስቶ ፕሮዳክሽን አይጂ የተባለው ስቱዲዮ በ2018 የሠራው ተከታታይ ነው። በአንድ አሮጌ የተማሪዎች ቤት የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ሮጠው የማያውቁ 10 ወጣቶች ለሃኮኔ ኤኪደን ይዘጋጃሉ። ይህ በ1920 የተጀመረ እውነተኛ የዩኒቨርሲቲዎች የዱላ ቅብብል ዓይነት ውድድር ነው። በጃንዋሪ መጀመሪያ ሁለት ቀን፣ ከቶኪዮ ወደ ሃኮኔ ተራራ ደርሶ መልስ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ በ10 ሯጮች ይሸፈናል። የሚቀባበሉት ታሱኪ የሚባል ከትከሻ ወደ ጎን የሚታሰር የጨርቅ መቀነት ነው። አንድ ቡድን ከመሪው ከተወሰነው ደቂቃ በላይ ወደኋላ ከቀረ ተረኛው ሯጭ የራሱን ቡድን መቀነት ሳይቀበል፣ በተለዋጭ መቀነት እንዲነሳ ይደረጋል።

ይህም ገና ሰፊ ነው። ልጅቱ የምታመጣው የራሷ ነገር ምንድን ነው? የጃፓን ሕዝብ አበበ ቢቂላን ያውቀዋል። በ1961 በኦሳካ የማይኒቺ ማራቶንን ሲያሸንፍ ያደረገው የጃፓናዊውን ጫማ ሠሪ የኪሃቺሮ ኦኒትሱካን ጫማ ነበር። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ በመሀሉ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ቆየ። ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ ስለዚያ ኦሊምፒክ በሠራው ዘጋቢ ፊልም የአበበን ፊት በቅርብ እያየ ረጅም ጊዜ ይከተለዋል። በምስሉ ውስጥ ሯጩ ብቻውን ነው።

አሁን ጥያቄው ተገኘ። ካሜራ ብቸኛውን ሯጭ እንዲያ አክብሮ በቀረጸባት አገር፣ የሩጫ አኒሜው ለምን መቀነት የሚቀባበሉ 10 ሰዎችን መረጠ? ይህ አንድ ሰዓት ይሞላል። ሁለት ፊልም፣ አንድ ውድድር፣ አንድ ጥያቄ ነው። ከአዳራሹ ውስጥ ተከታታዩን ሦስት ጊዜ ያየው ሰው እንኳን ያልጠበቀው ነገር ያገኝበታል።

ከማመልከቻ እስከ ማይክ

ጉባኤዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከወራት በፊት ነው። ቅጹ ርዕስ፣ በመርሐ ግብሩ ላይ የሚታተም አጭር መግለጫ፣ ለመራጮች ብቻ የሚቀርብ የይዘት ቅደም ተከተል፣ የዕድሜ ገደብና የሚያስፈልግ መሣሪያ ይጠይቃል። በትልልቅ ጉባኤዎች ማመልከቻው ካለው ክፍልና ሰዓት በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ዓመት የገነነውን ፊልም ርዕስ ብዙ ሰው ስለሚያቀርብ መራጮች ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት «ይህ ሰው ከሌሎቹ በምን ይለያል?» ለሚለው መልስ ነው። ለተመረጠ አቅራቢ አንዳንድ ጉባኤ ነፃ የመግቢያ ባጅ ይሰጣል፤ ሌላው ከተወሰነ ሰዓት በላይ ላቀረበ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝግጅት ሰዓት መቁጠር ነው። 60 ደቂቃ የተሰጠው ሰው ለገለጻው ከ45 ደቂቃ በላይ ማሰብ የለበትም። ቀሪው ለጥያቄና ክፍሉን ለተረኛው ለቆ ለመውጣት ነው። ንግግሩን ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ መለማመድ ግድ ነው፤ በልብ ሲነበብ 30 ደቂቃ የፈጀ ጽሑፍ በአፍ ሲነገር ሌላ ርዝመት አለው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ ከፊልሙ የተቆረጠች አጭር ቅንጭብ ከአሥር ስላይድ ትበልጣለች። ቅንጭቡ የሚታየው ግን ሐሳቡን ለማስረዳት ነው። አቅራቢው ዝም ብሎ ፊልም ካሳየ ሰው ቤቱ ሊያየው የሚችለውን ነገር ነው ያቀረበለት፤ የባለቤትነት መብት ጥያቄም ይመጣል።

ልምድ ያላቸው አቅራቢዎች የአዳራሹን ኢንተርኔት አያምኑም፤ ቪዲዮውን ላፕቶፓቸው ላይ ጭነው፣ ቅጂውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ፕሮጀክተሩ ከየትኛው ገመድ ጋር እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ የራሳቸውን አስማሚም አይረሱም። ድምፁ እንቢ ቢል ምን ብለው እንደሚቀጥሉ ያውቃሉ፤ የቴክኒክ ሠራተኛው እስኪደርስ የሚጠብቅ አዳራሽ ቶሎ ይበተናል። በሁለት ወይም በሦስት ሰው የሚቀርብ ከሆነ ማን የቱን እንደሚናገር አስቀድሞ ይከፋፈላል። ካልሆነ ጓደኛሞች እርስ በርስ ሲቀላለዱ አድማጩ የሰው ጨዋታ አጮልቆ የሚሰማ እንግዳ ይሆናል።

በር ላይ የሚቆሙት በጎ ፈቃደኞችም የፓኔሉ አካል ናቸው። ክፍሉ በእሳት አደጋ ደንብ የተወሰነ ሰው ብቻ ስለሚይዝ ገቢውን ይቆጥራሉ፤ ሲሞላ ሰልፉን ይዘጋሉ። ለአዋቂዎች ብቻ የተባለ ፓኔል ሲሆን መታወቂያ ያያሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከኋላ ሆነው ለአቅራቢው ምልክት የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ምልክቱን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አቅራቢ የሚሰርቀው የሚቀጥለውን ሰው ጊዜ ነው።

አድማጭም ሥራ አለው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው መርሐ ግብሩን ከማለዳው ቢያየው ይበጀዋል። ታዋቂ ርዕስ ያለው ፓኔል ሊሞላ ስለሚችል ቀድሞ መሰለፍ ያስፈልጋል። ርዕሱ እንግዳ የሆነ፣ ጥቂት ሰው የገባበት ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል፤ አቅራቢው ጉዳዩን ስለሚወደው ካልሆነ በቀር ለምን ያመለክታል? ካልጣመ መውጣት ነውር አይደለም። አጋማሽ ላይ መውጣት እንደሚችል የሚጠረጥር ሰው ግን ዳር ይቀመጣል። ትልቅ ክንፍ ወይም ጎራዴ ያለውም ከኋላ ላለው ማሰብ አለበት።

የፓኔል ዕጣ ከሁሉ ይልቅ የሚወሰነው በጥያቄው ክፍል ነው። ማይኩን ይዞ የራሱን አስተያየት ለአምስት ደቂቃ የሚያንበለብል ሰው በየጉባኤው አለ፤ ከኋላው የተሰለፉት ሳይደርሳቸው ይቀራል። በገለጻው መካከል ከተቀመጠበት እየጮኸ የሚያርምም አለ። አቅራቢው ዓመተ ምሕረት ቢስት ፓኔሉ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ መንገር ለሁለቱም ክብር ነው። መጨረሻውን ላላዩ ሰዎች ታሪኩን የሚያጋልጥ ነገር እያነሱ መጠየቅም ጨዋነት አይደለም። አጭር፣ አንድ ነገር ብቻ የምትጠይቅ፣ አቅራቢውን የምታሳስብ ጥያቄ ግን አዳራሹን ሁሉ ትጠቅማለች። «የሴቶች ኤኪደን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በምን ይለይ ነበር ትያለሽ?» የምትል ዓይነት ጥያቄ ሌላ ፓኔል ልትወልድ ትችላለች።

ብዙ አቅራቢዎች የጀመሩት እንዲሁ ነው፤ አድማጭ ሆነው ገቡ፣ ጠየቁ፣ መልሱ አላረካቸውም። ጀማሪ በትንሽ ጉባኤ ወይም በኮሌጅ ክበብ በ20 ሰው ፊት ቢለማመድ ይቀለዋል። ትልቁም ቢሆን በሩ ክፍት ነው። ቅጹ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤም አያስፈልገውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ልትነግረን እንደሆነ ብቻ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም እዚያችው ጥያቄ ላይ ነው።