ሦስቴ ተወግታ ቁጥሯ «4» ሆነ!

እናንተዬ፣ የተከተበ ሰው ሁሉ ከበሽታው ተጠብቋል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔስ አስብ ነበር... አምና በጥቅምት ጭሮ ደርሼ እስክመለስ ድረስ!

ጭሮ ስላችሁ ያው አሰበ ተፈሪን ነው። የሚኤሶን ሙቀት ተሰናብታችሁ ዳገቱን ስትወጡ የጨርጨር ነፋሻ አየር የሚቀበላችሁ ከተማ። እዚያ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ። ስሟን አትጠይቁኝ። ኤች አይ ቪ በደሟ ከተገኘ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቷን አንድ ቀን አታዛንፍም፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዷል። ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳቂታ ናት። ሂርና ያለ አንድ ልጅ ደግሞ ልቧን ይዞታል።

ልጁ ሁሉን ያውቃል። ገና ሲተዋወቁ ነግራዋለች። «እንግዲያው እኔም ልመርመር» ብሎ ሲሄድ ግን ያላሰበው መጣ፤ ሄፓታይተስ ቢ! ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን አይደል? አንዱ መንስኤ ይሄ ቫይረስ ነው። ወፍ የለችበትም! የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ፣ በጋራ ምላጭና መርፌ ነው። በርጫ ላይ አብሮ በመቀመጥ ወይም ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ብዙው ሰው ደግሞ ዓይኑ ሳይቢጫ፣ ምንም ሳያመው ለዓመታት ይዞት ይኖራል።

እሷ ስትመረመር ከዚህኛው ነፃ ሆነች። ክትባት ታዘዘላት፤ አንዱ ያኔውኑ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ሦስቱንም ጨረሰች። ሽማግሌ ተላከ፣ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ፣ የሂናው ቀን ሳይቀር ታሰበ።

እኔ ደግሞ ለዚህ ዓምድ ብዬ ስለ ክትባት ሳነብ ነበር የከረምኩት። ቡና እየጠጣን ጣልቃ ገባሁ።

«ቁጥርሽ ስንት ሆነ?»

«የምን ቁጥር?»

«የአንቲቦዲው ነዋ!»

«አቦ ተወኝ! ሦስቴ ተወግቻለሁ፤ ካርዱ ይኸውና!»

ካርዱ እውነቱን ነው። ግን ካርድ የሚናገረው መርፌው መግባቱን ብቻ ነው። ሰውነቷ ምን መልስ እንደ ሰጠ የሚናገረው ደሟ ነው።

ደሙ ምን ይላል?

ክትባት ማለት ለሰውነት የጠላትን ፎቶግራፍ እንደ ማሳየት ነው። ሰውነት ፎቶውን አይቶ አንቲቦዲ የሚባሉ ዘቦች ያሰለጥናል። ላቦራቶሪው ዘቦቹን ይቆጥራል። አንዱ ዘዴ ኤላይዛ ይባላል። የቫይረሱ ቁራጭ በተለጠፈበት ሳህን ላይ የደሙ ውኃ ይጨመራል። ዘቦች ካሉ ቁራጩ ላይ ይጣበቃሉ፤ ቀጥሎ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ቀለም ያወጣል። መጠናቸው ከቀለሙ ድምቀት ይሰላል።

ለሄፓታይተስ ቢ የታወቀ መስመር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት። 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ተጠብቋል ይባላል። የሚለካውም ከመጨረሻው መርፌ አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ ነው።

ጓደኛዬ ሄዳ ደም ሰጠች። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ... «4»!

ስልክ ደውላ አለቀሰች። «ወይኔ! መርፌው ውኃ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የማን ነው?

የማንም አይደለም። የእሷም አይደለም! ዘቦቹን የሚሠሩት ሴሎች ብቻቸውን አይሠሩም። «ጀምሩ፣ በርቱ» የሚላቸው አለቃ አላቸው፤ ሲዲ ፎር የሚባለው ሴል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ደግሞ ያንኑ አለቃ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ሦስቱን መርፌ ሲጨርስ ከ10 ሰው ከ9 የሚበልጠው መስመሩን ያልፋል። ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ግን ይህ ቁጥር በብዙ ጥናት ዝቅ ብሎ ታይቷል።

ነገሩ የኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ በማሽን ኩላሊቱን የሚያሳጥብ፣ የሰው ኩላሊት የተተከለለትም እንዲሁ ነው። እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ ነው። የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት «ባዕድ ነህ» ብሎ እንዳይገፋው መከላከያውን የሚያደክም መድኃኒት ይወስዳል። ያ መድኃኒት የክትባቱንም መልስ ያደክመዋል። በ2021 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ አካል የተተከለላቸው 658 ሰዎች ሁለት ዙር የኮሮና ክትባት ወስደው ደማቸው ሲታይ 46 በመቶው ምንም አንቲቦዲ አልተገኘባቸውም። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ለ101 ሰዎች ሦስተኛ ዙር ሲጨመር ግን መልስ የሰጡት ከ40 ወደ 68 በመቶ ከፍ አሉ።

ልብ በሉ! ለኮሮና እንደ «10» ያለ ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። አንቲቦዲ የመከላከያችን አንዱ ክንድ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ቁጥር ሲያንስ «አለቀልኝ»፣ ሲበዛ «ምንም አይነካኝ» ማለት ሁለቱም ስህተት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ዶክተሩ ያላት ይህንን ነው። ተስፋ አትቁረጪ፤ እንደገና ጀምሪ፤ በዚህኛው ዙር መጠኑ እጥፍ ይሆናል። በ2024 እ.ኤ.አ የወጣ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና የመጀመሪያው ክትባት ያልሠራላቸው ሰዎች ማጠናከሪያው የተለየ አዲስ ዓይነት ክትባት ሦስት ጊዜ ሲወስዱ 99 በመቶው መስመሩን አልፈዋል። በተለመደው ክትባት ያለፉት 81 በመቶ ገደማ ነበሩ። እሱም ቢሆን ለድጋሚ ሙከራ ትንሽ አይደለም!

ጓደኛዬ የተለመደውን በእጥፍ ጀመረች። ሰርጉ ተገፋ። የልጁ እናት «የሰው ዓይን ነው» ብለው አዘኑ። ልጁ ግን «እናቴ፣ ሰርግ ይቆያል፤ ጉበት ግን አንድ ነው» ብሎ አረጋጋቸው። እስከዚያው ኮንዶም፣ የየግል ምላጭ፣ ለእሱም የጉበት ክትትል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቷ ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ሄፓታይተስ ቢንም ስለሚጫኑ ሳታቋርጥ መውሰዷ ተጨማሪ ጋሻ ነው። ክትባቱን ግን አይተካም።

እኛስ? አገራችን ይህን ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን በጨቅላነታችን በመደበኛው ክትባት አላገኘነውም። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪን ብቻ ሳይሆን የዚህንም ምርመራ ጠይቁ። ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ። ጤነኛ የሆነ ሁሉ ቁጥሩን ይለካ አልልም። መከላከያው የደከመ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ቫይረሱ ያለበት ሰው ግን «ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ቁጥሬ መቼ ይለካል?» ብሎ ሳያፍር ይጠይቅ። ቁጥሩ ከጊዜ ጋር ሊወርድ ስለሚችል ኩላሊታቸውን ለሚያሳጥቡ በየዓመቱ ይለካል፤ ከ10 በታች ከሆነ ማጠናከሪያ ይሰጣል።

ባለፈው ሰሞን ከጭሮ የመጣ መኪና አንድ ፖስታ አደረሰኝ። የሰርግ መጥሪያ ነው። ከጀርባው በእስክሪብቶ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦

«ቁጥሬ 118! አቦ፣ እንዳትቀር!»