ቤታችንን በ410 ብር እንዴት አሳመርነው?

በዛሬው ጽሑፌ ቤትን በትንሽ ብር ስለ ማሳመር ላጫውታችሁ ነው። «ቤት ማሳመር ለሀብታም ነው» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ፣ እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

እኛ የምንኖረው እዚሁ ዓይደር ነው። አምስት ሆነን በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት እንኖራለን። ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ሲሆን በጭስ ጠቁሮ ነበር። እማዬ ጎረቤት ለቡና ስትጠራ ጀበናዋን ይዛ ደጅ ትወጣለች እንጂ ማንንም ወደ ውስጥ አታስገባም። አንድ ቀን ዝናብ መጣ። ሁሉም ሲኒያቸውን እያስቀመጡ ተነሡ፣ እሷ ግን «ግቡ» አላለችም። ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ሲኒ ስታጥብ አየኋትና ሆዴ ባባ።

«ቤቱን እናሳምረው» ስላት እምቢ አለች። ብር ስለሌለን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ካማረ ኪራይ ይጨመርብናል» አለችኝ። ይሄን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ወደ አከራያችን ሄደን «እትዬ፣ በራሳችን ወጪ ኖራ ልንቀባ ነው፣ ይፈቅዱልናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሚስማር እንዳታበዙ» ብለው ፈቀዱልን። ስለ ኪራዩ እማዬም አላነሣች፣ እሳቸውም አላነሡ።

ቤት የሚያስውቡ ባለሙያዎች አሉ፣ ግን ይከፈላቸዋል። እኛ በነፃ የሚያማክሩንን ሰዎች ፈለግን። የመጀመሪያው ቀለም ቀቢው አጎቴ ነው። «ለጭቃ ግድግዳ ውድ ቀለም አትግዙ፣ ኖራ ይበቃል» አለ። ኖራ የሚሠራው ደግሞ በመቐለ ዙሪያ ከሞላው የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በእቶን ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለታል። ከዚያ ውሃ ሲነካው ይሞቃል፣ ይፈርሳል፣ ይላማል። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ የወጣለትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ቀስ እያለ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል! ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ግድግዳችን ስስ ድንጋይ ለበሰ ማለት ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጥላሸቱ በመጥረጊያ ይራገፋል፣ ግድግዳው በውሃ ይርሳል፣ ከዚያ ኖራው እንደ ወተት ቀጥኖ ሦስት ጊዜ ይቀባል። ሲቀባ ውሃ ብቻ ይመስላል፣ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። እኔ «ይሄ ነገር አልሠራም» ብዬ ላወፍረው ስል አጎቴ ከለከለኝ። ወፍራም ኖራ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። የበጠበጠው አጎቴ ነው፣ እኛ ልጆች ስንቀባም እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ነበር። ውሃ ያልነካውን ኖራማ ልጅ ጭራሽ መንካት የለበትም።

ሁለተኛዋ አማካሪያችን ዓባየይ ናት (በትግርኛ አያቴ ማለት ነው)። እሷ መሶብ ትሰፋለች። ስፌት ከመሀል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ ይሄዳል፣ ጌጡ እኩል እንዲከፈል ደግሞ በወስፌ እየወጋች ትቆጥራለች። የመሶቧን ጌጥ ግድግዳው ላይ ልሥለው አልኳት። ስሞክረው ግን ተጣመመ። የሥዕል መምህራችንን ስጠይቃቸው አንድ ዘዴ አሳዩኝ። ክር ሚስማር ላይ አሥራችሁ በጠመኔ ክብ ሥሩ። ያንኑ የክር ርዝመት ሳትቀይሩ በክቡ ዳር ላይ እየለካችሁ ዙሩ። ልክ ስድስት ጊዜ ይገባል፣ አይተርፍም፣ አይጎድልም። ስድስት እኩል ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ከኖራ ጋር አደባልቄ ቀባሁት። ዓባየይ አየችውና «የኔ ይበልጣል» አለች። እውነቷን ነው።

ሦስተኛውን ሐሳብ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ የሐረሪ ሰዎች ቤት ውስጥ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቶ ይታያል። የሚጠቀሙበት ዕቃ ራሱ ጌጥ ይሆናል። እኛም አልጋ ሥር ተደብቀው የነበሩትን የዓባየይን ስፌቶች አውጥተን በአንድ ረጅም ገመድ ሰቀልናቸው። ሁለት ሚስማር ብቻ በቃን።

ስህተትም ሠርተናል። ወንድሜ የመጽሔት ሥዕሎችን በዱቄት ሙጫ ለጠፈ። በሦስተኛው ሌሊት አይጥ መጥታ ሙጫውን ከነወረቀቱ በላችው። ሁሉንም አነሣነው።

ከሁሉም ያሳቀን ግን የመጀመሪያው ቡና ነው። እማዬ እንግዶቿን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ሁሉም «እንዴት ያምራል!» አሉ። ሲነሡ ግን የሁሉም ጀርባ ነጭ ሆኗል! ኖራ ሲደገፉት ይለቃል፣ ይሄን ማናችንም አላሰብንም። በማግስቱ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቆች በነፃ ሰጠን። እማዬ ቀጣጥላ በእጇ ሰፋችና ሰው ተደግፎ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ዘረጋችው። አሁን ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ ሰው የሚያደንቀው እሱን ነው (ትንሽ ቅር ብሎኛል)።

ወጪያችን ኖራ 180፣ ብሩሽ 120፣ ሰማያዊ ዱቄት 60፣ ገመድና ሚስማር 50፣ ባጠቃላይ 410 ብር ነው።

አከራያችን ባለፈው እሑድ ቤቱን ሊያዩ መጡ። እማዬ ቡና እየቀዳች ነበር፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እሳቸው ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ጨርቁን ዳሰሱ፣ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የኔንስ ሳሎን መቼ ነው የምትቀቢልኝ?» አሉኝ። «ቅዳሜ» አልኳቸው።