የመኪና ኮምፒውተሮች ሲኮራረፉ

ትናንት ደህና ሲሠራ የዋለ መኪና ዛሬ አልነሳ ሲል ካርቱም ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰጠው ፍርድ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። በዚህች አንድ ቃል ምክንያት በመኪናው የሚተዳደር አባወራ የወራት ገቢውን አውጥቶ አሮጌ ኮምፒውተር ይገዛል፤ መኪናው ግን እንደቆመ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ሳይሆን መነጋገሪያው ነውና።

የዛሬ መኪና አንድ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም ያለው። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤርባጉና ዳሽቦርዱ የየራሳቸው አላቸው። ቀድሞ ለእያንዳንዱ መልእክት የተለየ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረውንና በ1986 ዲትሮይት ላይ ይፋ ያደረገውን ካን የተባለ ዘዴ ሲያመጣ፣ ሁሉም በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ላይ መነጋገር ጀመሩ። ቡና ላይ እንደተሰበሰበ ጎረቤት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሁለት እኩል ቢጀምሩ አስቸኳይ ያልሆነው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። (በዚህስ ከእኛ ቡና ይሻላል!)

ዝም ባሉ ጊዜ ሁለቱም ሽቦዎች ላይ 2.5 ቮልት ገደማ አለ። ሲነጋገሩ አንዱ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሌላው ወደ 1.5 ይወርዳል። ኮምፒውተሮቹ የሚያነቡት ልዩነቱን ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከባትሪውና ከማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር ከሚያያዘው ሽቦ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣው የካርቱም ሙቀት ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ባትሪ ደግሞ የሌለ ብልሽት ያስመዘግባል። ቀጥሎ ስካነር ይሰካል። በ«ዩ» የሚጀምሩ ኮዶች የግንኙነት ኮዶች ናቸው። ለምሳሌ ዩ0100 ማለት «የሞተሩን ኮምፒውተር ድምፅ አጣን» የሚል የሌሎቹ ክስ እንጂ የመቃጠል ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ማን እንደከሰሰና ማን ዝም እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። ዝም ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ፊውዙ፣ ማሳውና ሶኬቱ ይታያሉ። ሁሉም ዝም ካሉ ግን ጥርጣሬው ወደ ዋናዎቹ ሁለት ሽቦዎች ይዞራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የፊዚክስ ደብተራችሁን አስታውሱ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች አሉ። ጎን ለጎን (ፓራለል) ስለተያያዙ ድምራቸው 240 ሳይሆን 60 ነው። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት 6ኛውና 14ኛው ላይ ቴስተር ይደረጋል። በብዙ መኪኖች 60 ካሳየ መስመሩ እስከ ሁለቱም ጫፍ ደርሷል። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል፤ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬት ወልቋል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ አለዚያም ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ውስጡ ተያይዟል። 60 መሆኑ ብቻ ግን አያዘናጋ፤ ተልጦ ቦዲ የነካ ሽቦ በዚህ ልኬት ስለማይታይ እያንዳንዱን ከማሳ ጋር መለካት ይገባል። ከዚያም ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ አንዱ ሲነቀል ሌሎቹ መናገር ከጀመሩ ረባሹ እሱ ነው። የኤርባጉን ቢጫ ሶኬቶች ግን ማንም ልጅ እንዳይነካ!

በከተማችን ዋናው ጠላት ውኃና አቧራ ነው። ሀቡብ የሶኬቶቹን ውስጥ በአቧራ ይሞላል። በኸሪፍ መንገዱ ሲጥለቀለቅ ከምንጣፉ ሥር ያሉ ሽቦዎች ይርሳሉ፣ መዳቡም አረንጓዴ ይሆናል። ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ ማጠብና አላርም ለማስገባት ሽቦ መቁረጥም ይጨመርበታል። አሮጌዋ አምጃድ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም።

ወላጆች፣ ኮምፒውተር እንድትገዙ ስትጠየቁ መጀመሪያ የቴስተሩን ቁጥር አሳዩኝ በሉ። በብዙ መኪኖች አሮጌ ኮምፒውተር ከቁልፉ ኮድ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩን አያስነሳም፤ ያን ጊዜ «ይኸኛውም ተቃጥሏል» ተብሎ ሦስተኛ ይገዛል።