አሞራው እግር ላይ ቀለበት ካያችሁ

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ቄራ ዙሪያ አሞራ ሲያንዣብብ ቀና ብላችሁ እዩልኝ። ፊቱ ቢጫ፣ ገላው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው አነስ ያለ ጥንብ አንሳ የመጥፋት አደጋ አለበት። ወጣቱ ግን ጥቁር ቡናማ ነው። በቡልጋሪያ በሰው እጅ ተፈልፍለው የተለቀቁ አሉ፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ከሚሄዱባቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት።

እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቀለሙንና ጽሑፉን መዝግቡ። አሞራዎቹን ስትቆጥሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይሁን። የምንይዘው በአንድ ጊዜ አብሮ የታየውን ትልቁን ቁጥር ነው፤ ያው ወፍ ዞሮ ሲመጣ ሁለቴ እንዳይቆጠር። ምንም ካልታየም «0» ብላችሁ ጻፉ፤ እኔ በጣም የምሳሳለት መረጃ እሱ ነው።

ሞቶ ካገኛችሁት በእጃችሁ አትንኩት፤ ለውሻ ወይም ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ከወደቀ ምሰሶውንም ፎቶ አንሱ።