የባቄላ ሥር እንግዶች

መስከረም ጠብቶ ባቄላው ሲያብብ ወደ ማሳ ይውረዱና አንዱን ተክል ከነአፈሩ በአካፋ ያውጡት። በእጅ ከተነቀለ ሊያዩት የፈለጉት ነገር ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። ሥሩን ውኃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ሲያጥቡት ከጤፍ ተለቅ፣ ከምስር አነስ የሚሉ እባጮች ተለጥፈውበት ያገኛሉ። ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። አንዱን በጥፍር ሰንጥቀው ቢመለከቱት ግን ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። ያ ቅላት የጤና ምልክት ነው።

እባጩ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቤት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊይዝ ይችላል። አብዛኞቹ ገለባውን፣ ቅጠሉንና ፍጉን እያበሰበሱ ለሰብል ምግብነት ይመልሱታል። ራይዞቢየም ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ሙያ አለው፤ ማዳበሪያውን የሚያወጣው ከአየር ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ዩሪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ናይትሮጅን ለመያዝ በመቶዎች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀትና ብርቱ ግፊት ያስፈልጋቸዋል። በዓይን የማይታየው ባክቴሪያ ያንኑ ሥራ በቀዝቃዛው የደጋ አፈር ውስጥ ይሠራዋል። በዚህ መገረሜን መቼም ቢሆን አልተውም።

ባቄላውና ባክቴሪያው የሚገናኙት በጥሪ ነው። የባቄላው ሥር ወደ አፈሩ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ባክቴሪያው ያንን ሲያገኝ በራሱ ኬሚካል መልስ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ፀጉር የመሰለችው ቀጭን ሥር ትጠቀለልና እንግዳውን ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፤ እባጩም ማደግ ይጀምራል። ባቄላው በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያበላዋል፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይከፍላል። ናይትሮጅን የሚይዘው ኢንዛይም ኦክስጅን ከበዛበት ይበላሻል። እባጩን ያቀላው ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን የሚመጥንለት ሲሆን ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና አለው።

ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ምስጢሩን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ደረሱበት። ሕይወት በሌለው፣ ናይትሮጅንም ባልተጨመረበት አሸዋ ላይ የዘሩት አተር ቀጭጮ ቀረ። የማሳ አፈር የተዘፈዘፈበት ውኃ ሲያጠጡት ግን አገገመ፤ እባጭም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሆላንዳዊው ባይየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው።

የደጋ ገበሬዎቻችን ግን ውጤቱን ከማሳቸው ያውቁት ነበር። ስንዴና ገብስ በተደጋገመበት መሬት ላይ ባቄላ ወይም አተር ጣል ያደርጋሉ፤ በዓመቱ የሚዘራው እህል ያምርበታል። ባቄላ ሁኔታው ሲመቸው በሄክታር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል፤ ይህም በሁለት ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ካለው ይበልጣል። እርግጥ አብዛኛው ከፍሬው ጋር ወደ ጎተራ ይገባል። ለመሬቱ የሚተርፈው በሥሩ፣ በቅጠሉና በአገዳው ያለው ነው።

እንግዳው በየቤቱ አይገባም። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ሽምብራ የራሱ አለው፤ ከውጭ የመጣው አኩሪ አተር ደግሞ የራሱን ይሻል። ህያው ማዳበሪያ የሚባለው ለዚህ ነው የተዘጋጀው። በፓኬት ታሽጎ የሚመጣ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስለሆነ ፀሐይ ይገድለዋል። ስለዚህ ዘሩ በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ ጥላ ሥር ይታሻል፤ እንደተበተነም ማረሻው ወዲያው ተከትሎ አፈር ያልብሰው።

አሲዳማ አፈርም ጠላቱ ነው። በምዕራቡና በደጋው የአገራችን ክፍል ባቄላ እየቀጨጨ የሚያስቸግረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ባቄላው የተዘጋጀ ምግብ ስላገኘ እንግዳውን መቀበል ይተዋል። ባቄላ ላይ ዩሪያ ማብዛት ገንዘብን ሁለት ጊዜ መጣል ነው እላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ምስርና ሽምብራ ሲሰበሰብ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ መሄዱ ነው። ለከርሞው ስንዴ ሊተርፍ የሚገባው እባጭ አብሮ ይጓዛል። ገበሬ ወዳጄ፣ በሚመጣው አዝመራ ቢያንስ ከማሳዎ ጥግ ላይ በማጭድ አጭደው ሥሩን እዚያው ይተዉለትና በቀጣዩ ክረምት የሚበቅለውን እህል ከሌላው ጋር ያስተያዩት።