ያልሞቀ ዘይትም ሞተር ይጎዳል

የአውሮፕላን ሞተር ሙቀት ሲነሳ ሁሉም የሚፈራው መጋልን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የጋለ ሞተር አየር ላይ ሊቆም ይችላል። ዘይቱ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት ግን ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የሚገባውን ያህል አይወራለትም።

በዓለም ዙሪያ በባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገኘውን ሮታክስ 912ን እንውሰድ። ኦስትሪያ ውስጥ የሚመረት ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ሲሊንደሮቹን ነፋስ፣ ቴስታታዎቹን ኩላንት፣ የውስጥ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን ደግሞ ዘይት ያቀዘቅዛቸዋል። አብራሪው ዘይቱ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይደርስ ለመነሳት ሙሉ ኃይል መስጠት የለበትም። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በጠባብ መተላለፊያዎች እንደ ልብ አይፈስም። የዘይት ግፊት ጌጁ ከፍ ብሎ ቢታይም፣ ዘይቱ በሚፈለገው መጠን ሁሉም ቦታ ደርሷል ማለት አይደለም። በበረራ ላይ የሚፈለገው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ነው። ጣሪያው በ100 የፈረስ ጉልበቱ ሞዴል 130፣ በ80ው ደግሞ 140 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዘይቱ በጣም ቀጥኖ ብረትን ከብረት መለየት ያቅተዋል።

ታዲያ 70 ዲግሪ ላይ በሰላም የሚሠራ ሞተር ምን ችግር አለበት? መልሱ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው እንፋሎት ቢጠራቀም አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይሆናል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ቀለበቶች ዳር ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ካልሞቀ ውሃው እዚያው ይቀራል፤ ከቃጠሎ ቅሪት ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። አምራቹ በእያንዳንዱ የበረራ ቀን ዘይቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ 100 ዲግሪ እንዲደርስ የሚመክረው ለዚህ ነው። ለሳምንታት የቆመን አውሮፕላን «ሞተሩ እንዳይደርቅ» ብሎ መሬት ላይ ጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋትም የባሰ ነው፤ ውሃ ይጨምራል እንጂ አያወጣም። ካልበረረ ባይነሳ ይሻላል።

በብርድ ወራት አንዳንዶች የዘይት ራዲያተሩን ከፊል በቴፕ ይሸፍናሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ቀኑ ሲሞቅ አየር ላይ ሆኖ ቴፑን መላጥ አይቻልም። እኔ የምመርጠው ቴርሞስታትን ነው፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ፍሰት ራሱ ይገድባል።

ከፍታ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአየሩ እፍጋትም ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። ኩላንቱ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ግፊት የሚይዘው ክዳን ነው። ክዳኑ ካረጀ ሜዳ ላይ ያልታየ ችግር ተራራ ላይ ይወጣል።

ሞተር ጋለ ሲባል ብዙዎች የፊቱን ነፋስ ማስገቢያ ለማስፋት ይቸኩላሉ። የኋላ መስኮቱ በተዘጋ ቤት ግን በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነፋስ አያመጣም። መጀመሪያ መታየት ያለበት መውጫው ነው፤ አየሩን በራዲያተሩ የሚገፋው የፊትና የኋላ ግፊት ልዩነት ነውና። ብሪታንያዊው መሐንዲስ ሜሬዲዝ በ1930ዎቹ ከዚህ አልፎ፣ በደንብ በተሠራ ቱቦ ውስጥ ራዲያተሩ ያሞቀው አየር በፍጥነት ሲወጣ አውሮፕላኑን በጥቂቱ ሊገፋ እንደሚችል አሳየ።

ማቀዝቀዣው በጣም የሚፈተነው አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ ኃይሉ ሙሉ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ። መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መጨመር፣ ከዚያም ኃይል መቀነስ ነው። የዘይት ሙቀት ሲጨምር ግፊቱም አብሮ ከወረደ ግን ዘይቱ እያለቀ ሊሆን ይችላልና ማረፊያ መፈለግ ያሻል። የኩላንት ጌጅ ደግሞ ሊያታልል ይችላል፤ ፈሳሹ ፈስሶ ካለቀ መለኪያው ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና፣ ቴስታታው እየነደደ ጌጁ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ያለ ምክንያት በድንገት የወረደ የኩላንት ሙቀት ሲታይም ኃይል ቀንሶ ወደ ቅርቡ ሜዳ መዞር ይገባል።