ተረትና እውነታ፦ የኮንትራት አውሮፕላንና የባዶ መልስ ሒሳብ

ከቦሌ ለገጣፎ ለመሄድ ከኮንትራት ታክሲ ጋር የተከራከረ ሰው የአውሮፕላን ኪራይን ንግድ ግማሹን ያውቀዋል። ዋጋው ሲጠራለት «ምነው፣ ለዚህች መንገድ?» ይላል። ሾፌሩ ይመልሳል፦ «ባዶዬን ነው የምመለሰው እኮ!» ቻርተር የሚባለውም በረራ ይኸው ነው፤ መቀመጫ ሳይሆን መላውን አውሮፕላን ከነአብራሪው መኮናተር። ስለዚህ ንግድ ሲወራ የምንሰማቸው አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ያችን ባዶዋን የምትመለስ አውሮፕላን ከመርሳት ነው። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አውሮፕላን ያለው ገንዘብ አለው፤ ብዙ ያለው ደግሞ ብዙ ገንዘብ አለው»

ይህን ለማፍረስ ኔትጄትስ ይበቃል። ዛሬ በዓለም ትልቁ የግል ጄት አገልግሎት ሰጪ ነው፤ ሲወለድ ግን ኤግዚክዩቲቭ ጄት አቪዬሽን ይባል ነበር። በ1964 በኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ሲቋቋም ከጀርባው የአሜሪካ አየር ኃይል ጡረተኛ ጄኔራሎች ነበሩ። በቦርዱ ውስጥ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለችውን አውሮፕላን ያበረረው ፖል ቲቤትስና የሆሊዉዱ ጄምስ ስቱዋርት ተቀምጠዋል። በ10 ሊርጄት ጀመሩ። ዝናው ነበረ፣ የበረራ ዕውቀቱ ነበረ፣ ከፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ የሚፈስ ገንዘብም ነበረ። ገንዘቡ ስላለ ትልልቆቹን ቦይንግ 707 እና 727 ሳይቀር ገዙ። ባቡር ኩባንያ አየር መንገድን እንዳይቆጣጠር የአሜሪካ ሕግ ይከለክል ስለነበር ግን ተቆጣጣሪዎቹ ጣልቃ ገቡ፤ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች እንጀራ ሳይሆኑ ሸክም ሆኑ። በ1970 ባለገንዘቡ የባቡር ኩባንያ ራሱ ከሰረ።

እንግዲህ ድርጅቱ አውሮፕላን አላጣም ነበር። ያጣው ሒሳብ ነበር፤ ሒሳቡን ያመጣው ደግሞ እውነተኛ የሒሳብ ሰው ነው። በጎልድማን ሳክስ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሳንቱሊ ድርጅቱን በ1984 ገዛና የቆዩትን የበረራ መዝገቦች ማገላበጥ ጀመረ። የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ይህን ያህል ደንበኛ ባሰኘው ሰዓት ቢጠራ ማንም ሳይጉላላ ለማድረስ ስንት አውሮፕላን ይበቃል? ከዚያ የተወለደው በ1986 የተጀመረው የድርሻ ባለቤትነት ነው። አውሮፕላኗን ብዙ ሰው ይካፈላታል፤ ዛሬ በተለመደው አከፋፈል የአንድ አሥራ ስድስተኛ ባለድርሻ በዓመት 50 የበረራ ሰዓት አለው። የራሱ ድርሻ ያለባት ሌላ ቦታ ብትሆን አምሳያዋ ትመጣለታለች።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ባለድርሻው የሚከፍለው እሱ ለተሳፈረበት ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኗ ባዶዋን ልትወስደው ለመጣችበት መንገድ አይከፍልም። የታክሲ ሾፌሩ ክርክር ከደንበኛው ጆሮ ወደ ኩባንያው ጓዳ ገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዛት ትርጉም የሚኖረው ለኩራት አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ የተበተኑ ብዙ አውሮፕላኖች ካሉ አንዷ ለጠሪው ቅርብ የመሆን ዕድሏ ስለሚጨምር ነው። ሁለት አውሮፕላን ብቻ ያለው ሰው ይህንኑ ቃል ቢገባ በሦስት ወር ውስጥ ነዳጁ ይበላዋል። ለዚህ ነው ትንሹ የቻርተር ድርጅት ዛሬም የመልሱን ከደንበኛው የሚቀበለው፤ ስግብግብ ስለሆነ አይደለም።

«ደንበኛ ከበዛ ትርፍ ራሱ ይመጣል»

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ቡፌት ለገንዘብ ጠንቃቃ በመሆን ይታወቃል፤ የድርጅታቸውን የግል ጄት ራሳቸው «ሰበብ የማይገኝላት» ብለው ሰይመዋት ነበር። በ1995 የኔትጄትስ ደንበኛ ሆኑ፤ በ1998 ቤርክሻየር ሃታዌይ በሚባለው ኩባንያቸው በኩል ድርጅቱን በ725 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለሉት። ደንበኛው በዓመት በዓመት ጨመረ፣ አውሮፕላኑም ጨመረ። ከዚያ የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ። ባለድርሻዎች መብረር ቀነሱ፤ ይባስ ብለው ድርሻቸውን ለኩባንያው መልሰው መሸጥ ጀመሩ፤ ኩባንያው የተረከባቸው አውሮፕላኖች ዋጋ ደግሞ በእጁ ላይ እያሉ ወረደ። በ2009 ብቻ ከግብር በፊት 711 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ቡፌት ለባለአክሲዮኖች በጻፉት ደብዳቤ አልሸሸጉም፦ በግዢው ጊዜ 102 ሚሊዮን የነበረው ዕዳ በ2009 ሚያዝያ 1.9 ቢሊዮን ደርሶ ነበር፤ በ11 ዓመት የተደመረው ውጤትም የ157 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ነበር። የቤርክሻየር ዋስትና ባይኖር ኖሮ በሩ ይዘጋ ነበር።

ለዓመታት ያደገ ድርጅት ነው ይህ! በቀጣዩ ዓመት ወጪውን ቀንሶ፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን አውሮፕላን አራግፎ 207 ሚሊዮን አተረፈ። በ2021 ከኮሮና በኋላ ጠያቂው ሲጎርፍ ደግሞ ለአዲስ ደንበኞች የበረራ ካርድ (አስቀድሞ የተከፈለበት የበረራ ሰዓት) መሸጡን ለጊዜው አቆመ። ደንበኛ መመለስ ድፍረት ይጠይቃል፤ ለነባሮቹ የተገባው ቃል ከሚታጠፍ ግን ይሻላል። በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያ የገባውና በአባላቱ ብዛት የተወራለት ሌላው የግል ጄት ድርጅት ዊልስ አፕ በ2023 ሊወድቅ ሲል ዴልታ አየር መንገድና ሸሪኮቹ ደርሰው አተረፉት።

«ቻርተር የሀብታም ቅንጦት ነው»

ይህ ተረት መሆኑን ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ለአብነት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ከካርቱም በሌሊት ይጫኑ የነበረው በኮንትራት አውሮፕላን ነበር። ትራንስ ዩሮፒያን ኤርዌይስ የተባለው የቤልጅየም ቻርተር ድርጅት ከሱዳን የሐጅ ተጓዦችን ወደ መካ የማመላለስ ልምድ ነበረው፤ ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ካርቱም ላይ መታየታቸው ለማንም እንግዳ አልነበረም። ከሱዳን በቀጥታ ወደ እስራኤል መብረር የማይታሰብ ስለነበር ጉዞው በብራስልስ በኩል ሆነ። በዚህ መንገድ እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን ድረስ፣ ወሬው አፈትልኮ ሱዳን እስክታስቆመው፣ ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ዘመቻ ሙሴ የምንለው ይህ ነው። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ግን ለዚያ ሌሊት አልደረሱም። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ባለጠጋ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አውሮፕላን በቅርብ አይተው አያውቁም።

የዕለት ተዕለቱ ሥራም ቢሆን ከሻምፓኝ ይልቅ ለአቧራ ይቀርባል፦ በሽተኛ፣ የማዕድን ፍለጋ ቡድን፣ የእርዳታ ሠራተኛ፣ መለዋወጫ ዕቃ። በእኛም አገር ለኪራይ የምትበረው ሴስና ካራቫን ሜዳ ላይ፣ ጠጠር ላይ ታርፋለች። በአፍሪካ የተወደደችበት ሌላም ምክንያት አላት፤ ብዙም አይወራለትም። የምትጠጣው ትልልቆቹ ጄቶች የሚጠጡትን ነዳጅ ነው። የድሮዎቹ የፒስተን አውሮፕላኖች የሚፈልጉት የአቪዬሽን ቤንዚን ግን በብዙ የአፍሪካ አየር ማረፊያዎች እንደ ልብ አይገኝም። ሞተር መምረጥ ማለት ደንበኛውን የምታደርስበትን ቦታ መምረጥ ነው።

«አውሮፕላኗ ደህና ከሆነች፣ አብራሪው ፈቃድ ካለው በቂ ነው»

አይደለም። የግል አብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ጓደኛውን ሊያሳፍር ይችላል፤ ገንዘብ ተቀብሎ መንገደኛ ለማጓጓዝ ግን አብራሪው የንግድ ፈቃድ፣ ድርጅቱም የራሱ የሥራ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። አርጀንቲናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ በጥር 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲበር የሞተባት ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ለንግድ በረራ አልተፈቀደላትም ነበር፤ አብራሪውም የንግድ ፈቃድ አልነበረውም። በረራውን ያቀናጀው ሰው በ2021 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። ርካሽ ቻርተር ያገኘ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ መቀመጫው ቆዳ ሳይሆን የማን ማረጋገጫ ላይ እንደሚበር ነው።

«ባዶ መልስ ማለት ርካሽ ትኬት ነው»

በግማሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ እንደሚገኝ እውነት ነው፤ ኩባንያው አውሮፕላኗን ባዶዋን ከሚያበር ጥቂት ማግኘት ይሻለዋል። ግን ያ በረራ የአንተ አይደለም። ሙሉ የከፈለው ሰው ስብሰባው ከረዘመ ያንተ ሰዓት ይገፋል፤ ጉዞውን ከሰረዘ ያንተም ይሰረዛል። ደግሞም ለመሄድ እንጂ ለመመለስ አይሆንም፤ ሠርግ ልትውል በባዶ መልስ የሄድክ እንደሆነ፣ ወደ ቤትህ ለመምጣት ያው ከታክሲ ሾፌሩ ጋር ነው የምትከራከረው።